ስትሪፑ የማያየው ፕሮቲን፦ ሽንትን ለደም በሽታ የማስመርመር ዝርዝር መመሪያ

ላብራቶሪ ከሚገቡት ናሙናዎች ሁሉ ሰው የሚንቀው ሽንትን ነው። ደም ሲቀዳ ፊቱን የሚያዞር፣ «ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?» ብሎ የሚከራከር ሰው፣ ሽንት ሲባል ግን ዘና ይላል። በትንሿ ብልቃጥ ጠብ አድርጎ ያመጣል። ስትሪፗ፣ ማለትም ቀለሟን እየቀየረች ውጤት የምታሳየው የመመርመሪያ ቁራጭ፣ ተነክራ ትወጣለች። «ፕሮቲን የለም» ይባላል። አለቀ።

ጅማ ውስጥ ስሠራ አንድ አባት መጡ፤ ዕድሜያቸው ስልሳ ተጠግቷል። ወገባቸውን ካመማቸው ወራት አልፈዋል። በየክሊኒኩ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ተወግተዋል። ሄሞግሎቢናቸው 8 ነው፣ ደማቸው አንሷል፤ ኢኤስአር (የቀይ ደም ሕዋስ የመዝቀጥ ፍጥነት) ከመቶ በላይ፤ ኩላሊት የሚያስወግደው ክሬቲኒንም ደማቸው ውስጥ ከፍ ብሏል። ስትሪፑ ግን ንጹሕ። ነገሩ አልጥምህ አለኝና ከዚያው ሽንት ትንሽ ወስጄ ፕሮቲንን የሚያረጋውን ሰልፎሳሊሲሊክ አሲድ ጨመርኩበት። ቱቦው እንደ ወተት ነጣ።

ስትሪፑ ያላየውን አሲዱ አየው። ለምን እንደሆነና እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ ይህ ምርመራ ሲታዘዝላችሁ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ልንገራችሁ። ለላብራቶሪ ልጆችም የሚሆን ነገር መሐል ላይ አለ።

የምንፈልገው ምንድን ነው?

መቅኔ ውስጥ ፕላዝማ ሴል የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው አንቲቦዲ፣ ማለትም ተሕዋስያንን የሚዋጋ ፕሮቲን፣ ማምረት ነው። አንዱ አንቲቦዲ ሁለት ከባድና ሁለት ቀላል ሰንሰለቶች አሉት። ቀላሉ ሰንሰለት ካፓ ወይም ላምዳ ነው፤ ሦስተኛ ዓይነት የለም። ጤነኛ ሰው ላይም ጥቂት ትርፍ ቀላል ሰንሰለት ይመረታል፤ ኩላሊት ያጣራዋል፣ መልሶም ይውጠዋል። አንዷ ፕላዝማ ሴል ከመስመር ወጥታ ራሷን ማባዛት ስትጀምር ግን ያው አንድ ዓይነት ሰንሰለት እንደ ጎርፍ ይመጣል። ኩላሊት መዋጥ ያቅተዋል። ትርፉ ወደ ሽንት ይፈሳል። ኩላሊት ውስጥ ረግቶ ቱቦዎቹን የሚዘጋበት ጊዜም አለ።

ይህ ፕሮቲን ቤንስ ጆንስ ይባላል። በ1845 ለንደን ውስጥ አጥንቱን የሚያመው አንድ የሸቀጥ ነጋዴ ነበር። የሰውዬው ሽንት ሲሞቅ ይረጋል፣ ሲፈላ ይሟሟል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ይረጋል። ሐኪሞቹ ግራ ገባቸውና ሄንሪ ቤንስ ጆንስ ለሚባል የኬሚስትሪ ዕውቀት ላለው ሐኪም ላኩለት። መጀመሪያ ያስተዋለው ማኪንታየር የሚባል ሐኪም ነበር፤ ስሙ ግን ለተላከለት ሰው ቀረ። እንዲህ ነው እንግዲህ። ነገሩ የአንቲቦዲ ቀላል ሰንሰለት መሆኑ የታወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1962 ነው።

ስትሪፑ የማያየውም ለዚህ ነው። በስትሪፑ ላይ ያለው ቀለም የሚቀየረው በዋናነት አልቡሚን የሚባለውን ዋናውን የደም ፕሮቲን ሲያገኝ ነው። ቀላል ሰንሰለትን እምብዛም አያውቀውም። ስለዚህ «ፕሮቲን የለም» ሲላችሁ «አልቡሚን የለም» ማለቱ እንደሆነ ቁጠሩት።

ለማን ይታዘዛል?

ወገብ ያመመው ሁሉ ይመርመር እያልኩ አይደለም። የቡና ጆንያ የተሸከመ ሁሉ ወገቡን ያመዋል። ሐኪም የሚጠረጥረው ነገሮቹ ሲደራረቡ ነው። ዕድሜ ገፋ ያለ ሰው፣ በእረፍት የማይለቅ የአጥንት ሕመም፣ በብረት ኪኒን የማይስተካከል ደም ማነስ፣ ስኳርም ግፊትም ሳይኖር የሚወጣ ክሬቲኒን፣ የሚመላለስ የሳንባ ምች። ካልሲየም ከፍ ሲልም ሰው ውሃ ውሃ ይለዋል፣ ሆዱ ይደርቃል። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ሐኪሙን «ይሄ የመቅኔ ነገር ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

በጣም የሚታወቀው በሽታ ማልቲፕል ማይሎማ፣ ማለትም የፕላዝማ ሴል ካንሰር ነው። አሚሎይዶሲስ (የተበላሸ ፕሮቲን በየአካሉ የሚጠራቀምበት በሽታ) እና ዋልደንስትሮም የሚባለው የደም ካንሰርም ይህን ፕሮቲን ሊያመጡ ይችላሉ፤ አንዳንድ የሊምፎማ (የሊምፍ ካንሰር) ዓይነቶችም እንዲሁ። ሽንቱ እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ ቀይ የደም ሕዋስ ፈርሶ የወጣ ሄሞግሎቢን ሊሆን ይችላል፤ በከባድ ወባም ይመጣል። እሱ ቀጠሮ የሚጠብቅ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

ከላብራቶሪው ጋር አስቀድሞ መነጋገር

የማዘዣ ወረቀታችሁን አንብቡ። ተራ የሽንት ምርመራ ብቻ ከተጻፈ የምንፈልገው አልታዘዘም ማለት ነው። መኖር ያለበት የሽንት ፕሮቲን ኤሌክትሮፎሬሲስ (ፕሮቲኖቹን በኤሌክትሪክ የሚለያይ) እና ኢሚውኖፊክሴሽን (የፕሮቲኑን ዓይነት የሚለይ) ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከደም ኤሌክትሮፎሬሲስ ጋር ይታዘዛል። የ24 ሰዓት ጠቅላላ የሽንት ፕሮቲንም አብሮ መኖር አለበት፤ አለበለዚያ መጠኑን ማስላት አይቻልም።

ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ፣ ናሙና ሳትሰበስቡ በፊት፣ ላብራቶሪው ሂዱ። ምርመራውን እዚሁ ይሠሩታል ወይስ ወደ አዲስ አበባ ይልኩታል? የሚልኩ ከሆነ በየትኛው ቀን? ዕቃ ይሰጣሉ? ዋጋው ስንት ነው? ጤና መድን ይሸፍነዋል? ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች። ዓርብ ከሰዓት የመጣ የሽንት ጀሪካን እስከ ሰኞ ሊቀመጥ ይችላል። እኔ ብሆን እሑድ ጠዋት ጀምሬ ሰኞ ጠዋት አስረክባለሁ።

ከአጋሮ፣ ከሰቃ ወይም ከሊሙ የምትመጡ ከሆነ መንገድ ላይ አትጀምሩ። ሚኒባስ ውስጥ የ24 ሰዓት ሽንት መሰብሰብ አይቻልም፤ ሞክረው ያፈሰሱ አሉ። ጅማ ዘመድ ካላችሁ አንድ ቀን እሱ ቤት እደሩና እዚያ ሰብስቡ።

የ24 ሰዓቱ ሥራ

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ማሽኑ የፈለገውን ያህል ዘመናዊ ይሁን፣ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ጎዶሎ ከሆነ ውጤቱም ጎዶሎ ነው። ከማሽን ስህተት ይልቅ የጀሪካን ስህተት በብዙ እጥፍ አይቻለሁ።

ላብራቶሪው ዕቃ ከሰጣችሁ እሱን ብቻ ተጠቀሙ። ካልሰጣችሁ ክዳኑ የሚጠብቅ፣ 3 ሊትር የሚይዝ አዲስ ጀሪካን ግዙ። ሁለት ባለ 2 ሊትር የውሃ ሃይላንድም ይሆናል። የዘይት ጀሪካን አይሆንም፣ ደጋግማችሁ ብታጥቡትም። በበረኪና ወይም በኦሞ ታጥቦ በደንብ ያልተለቀለቀ ዕቃም ምርመራውን ያበላሻል። ለመሽናት ደግሞ አፉ ሰፊ የሆነ ንጹሕ ጆግ ያዙ። ሴቶች በቀጥታ ሃይላንድ ውስጥ ለመሽናት እየሞከሩ ግማሹ ይፈሳል፤ ጆጉ ለዚህ ነው።

ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥርና የተጀመረበትን ሰዓት በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ዕቃው ላይ ለጥፉ፤ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ። ፍሪጅ የምታስገቡ ከሆነ «ሽንት» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት። ብርዝ መስሎት ሊቀዳ ብርጭቆ ያነሳ እንግዳ አውቃለሁ። ለጥቂት ነው የተረፈው።

እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሡና ሽኑ። ይህን የመጀመሪያውን ሽንት ድፉት። አዎ፣ ድፉት። ሌሊቱን ሙሉ የተጠራቀመ የትናንት ሽንት ነው፤ የእኛ ሰዓት የሚጀምረው ፊኛው ባዶ ሲሆን ነው። ሰዓቱን ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ቀኑንም ሌሊቱንም የሚመጣው ሽንት በሙሉ ጀሪካን ውስጥ ይገባል። ትንሽም ብትሆን። ሰገራ የምትወጡ ከሆነ መጀመሪያ ሽንቱን በጆግ ተቀበሉና ከዚያ ተቀመጡ። ገበያ፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካለባችሁ ትንሽ ሃይላንድ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም በዚያ ቀን ቤት ዋሉ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ለቅሶ ቤት መዋል ካለባችሁ ግን ቀኑን ቀይሩት፤ እዚያ ማንም ጆግ ይዞ አይገባም።

ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሽንታችሁ ባይመጣም ሞክሩ። የወጣውን ጨምሩበት። አበቃ። የጨረሳችሁበትን ሰዓት ጻፉ።

የሚሳሳተው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እነዚህ ሁለት ጠዋቶች ላይ ነው። አንዱ የእሑዱንም የሰኞውንም ያስገባል፤ ሁለት ሌሊት ይሆናል። ሌላው ሁለቱንም ይደፋል። አንዲት እናት ግማሽ ሊትር የማትሞላ አምጥተው «ቀኑን ሙሉ ነው የሰበሰብኩት» አሉኝ። ስንጨዋወት ለካ ምራታቸው «እማማ ይሸታል» ብላ ማታ ላይ የሞላውን ደፍታ አጥባ መልሳላቸዋለች። ክፋት አልነበራትም፤ የነገራት ሰው የለም። ስለዚህ ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናገሩ፤ ለሠራተኛም፣ ለልጆችም።

አንድ ጊዜ ካመለጣችሁ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሩ። «ትንሽ ናት» ብላችሁ አትለፉት፤ ውሃ ጨምራችሁም አትሙሉት። ይህን የምለው አይቼ ነው።

በ24 ሰዓቱ ውስጥ ጀሪካኑ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ፍሪጅ ካለ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ጥሩ ነው። መብራት ከሄደ ወይም ፍሪጅ ከሌለ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አቁሙት፤ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ፀሐይ አያግኘው። ላብራቶሪው በራሱ ካላደረገ በቀር ምንም ኬሚካል አትጨምሩበት። ለሌላ የ24 ሰዓት ምርመራ አሲድ የተደረገበት ዕቃ አለ፤ ለእኛ ፕሮቲን አይሆንም፣ ያረጋዋል።

መጾም አያስፈልግም። ቡናችሁን ጠጡ፤ ጅማ ተቀምጦ ቡና አትጠጡ ማለትስ እንዴት ይሆናል። ውሃ እንደ ወትሮው። በወር አበባ ጊዜ፣ ትኩሳት ባለበት ቀን፣ ወይም ከባድ ጉልበት ሥራ በተሠራ ማግስት ግን አትጀምሩ። በቡና ለቀማ ሰሞን ቀኑን ሙሉ ሲሸከም የዋለ ሰው ሽንቱ ላይ ፕሮቲን ሊታይ ይችላል፤ በሽታ ሳይሆን ድካም ነው። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጻፉ። በቅርቡ በደም ሥር ቀለም ተሰጥቷችሁ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ከተነሣችሁም ተናገሩ፤ የአሲዱን ምርመራ ያሳስተዋል።

ጠረጴዛው ላይ፦ ለላብራቶሪ ልጆች

ጀሪካኑን ሳትቀዱለት በፊት በደንብ አገላብጡት። በተለያየ ሰዓት የገባው ሽንት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሳይቀላቅል የቀዳ ሰው የቀኑን ሙሉ አይደለም የሚመረምረው። መጠኑን በሲሊንደር ለኩ፣ በዓይን አትገምቱ። ቁጥሩን ወዲያው ጻፉ። እኔ 1,500ን 1,050 ብዬ ጽፌ ሐኪም ደውሎልኝ ያውቃል።

የተሰበሰበው ሙሉ መሆኑን ለማወቅ ክሬቲኒኑን እዩ። ወንድ በቀን በኪሎ ከ15 እስከ 25 ሚሊግራም፣ ሴት ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ገደማ ታወጣለች። 60 ኪሎ የሚመዝን ወንድ 400 ሚሊግራም ብቻ ካሳየ፣ ቢያንስ 900 መሆን ነበረበትና፣ ጀሪካኑ ጎዶሏል። በሽተኛው በጣም አዛውንትና ከሲታ ከሆነ ግን ቁጥሩ ቢያንስ አትፍረዱበት።

ከዚያ ሽንቱን በሴንትሪፊውጅ አዙራችሁ የጠራውን ውሰዱ። ስትሪፕ ንከሩ፣ መዝግቡ። 3 ሚሊሊትር ሽንት ላይ 3 ሚሊሊትር ባለ 3 ከመቶ ሰልፎሳሊሲሊክ አሲድ ጨምሩ። ገልብጣችሁ ቀላቅሉ። 10 ደቂቃ ጠብቁ። ቱቦውን የታተመ ጽሑፍ ፊት ያዙትና አንብቡ። ፊደሉ ጥርት ብሎ ከታየ ኔጌቲቭ ነው። ደፍረስ ካለ 1 ፕላስ፤ አሸዋ አሸዋ ካለ 2፤ ብጥስጣሽ ነገር ከተንሳፈፈ 3፤ ከተጓጎለ 4።

ስትሪፑ ኔጌቲቭ፣ አሲዱ 2 ወይም 3 ፕላስ ሲሆን ነው ጆሮ ማቆም። ዝም ብላችሁ አትላኩት፤ ወረቀቱ ላይ «ልዩነት አለ፣ ቀላል ሰንሰለት ይጠረጠራል» ብላችሁ ጻፉ። ሐኪሙ ያቺን አንድ መስመር ካላየ ላያስብበት ይችላል። ከፍተኛ መጠን ፔኒሲሊንም አሲዱን ሊያደፈርሰው ይችላል፤ ለዚህ ነው የመድኃኒት ዝርዝር የጠየቅነው።

የድሮውን የማሞቅ ዘዴ የሚጠይቁኝ አሉ። ይሠራል፣ ለመማር ያህል። 4 ሚሊሊትር የጠራ ሽንት ላይ ፒኤቹ 4.9 የሆነ አሴቴት በፈር 1 ሚሊሊትር ይጨመርና 56 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ ይቀመጣል። ከረጋ፣ የፈላ ውሃ ውስጥ 3 ደቂቃ ይከተታል። ዝቃጩ ከቀነሰ ቤንስ ጆንስ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። እዚህ ላይ ግን መጽሐፍ የማይነግራችሁ ነገር አለ። መጽሐፉ 100 ዲግሪ ይላል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ናት፤ ውሃ እዚህ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ባይጠራ አትደናገጡ። አልቡሚን አብሮ ካለ ደግሞ ጭራሽ ይደባለቃል። ይህ ዘዴ ብዙ በሽተኛ ያመልጠዋል፤ ኔጌቲቭ ነው ብላችሁ ሰውን ወደ ቤቱ አትላኩ።

የሚያረጋግጠው ኤሌክትሮፎሬሲስ ነው። ሽንቱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ እንዲወፍር ይደረጋል። ከዚያ ጄል ላይ ተደርጎ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ፕሮቲኖቹ እንደ ሯጭ ይለያያሉ፤ አልቡሚን ከሁሉ ይቀድማል። ከአንዲት የተባዛች ፕላዝማ ሴል የመጣ ፕሮቲን ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ አንድ ቦታ ላይ ተጨናንቆ ቀጭን መስመር ይሠራል። ኢሚውኖፊክሴሽኑ ደግሞ ያ መስመር ካፓ ይሁን ላምዳ ይነግረናል።

ወረቀቱ ሲመጣ

የጤነኛ ሰው ሽንት በ24 ሰዓት ከ150 ሚሊግራም ያነሰ ፕሮቲን አለው። ስሌቱን ራሳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። በ100 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ፕሮቲን ከተገኘና ሽንቱ 1,500 ሚሊሊትር ከሆነ፣ 120 ሲባዛ በ1,500 ሲካፈል ለ100፤ 1,800 ሚሊግራም ይሆናል። ያች ቀጭን መስመር የጠቅላላውን 60 ከመቶ ከያዘች፣ ቀላል ሰንሰለቱ 1,080 ሚሊግራም ነው። ሐኪሙ ሕክምናው መሥራቱን የሚከታተለው በዚህች ቁጥር ነው። ጀሪካኑ ላይ ለምን እንደተጨቃጨቅኩ አሁን የገባችሁ ይመስለኛል።

መስመር ተገኘ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ኤምጉስ የሚባል፣ ፕሮቲኑ በጥቂቱ ኖሮ ሰውን ሳያሳምም ዓመታት የሚቆይ ነገር አለ። ከ50 ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች 3 ከመቶ ያህሉ ላይ ይገኛል ይባላል። ከእነሱም በየዓመቱ ወደ ማይሎማ ወይም ወደ ተመሳሳይ በሽታ የሚሻገረው 1 ከመቶ ገደማ ነው። የሚለየው ሌላው ምርመራ ነው፤ መቅኔ፣ የአጥንት ራጅ ወይም ስካን፣ ካልሲየም፣ ክሬቲኒን፣ ሄሞግሎቢን።

መስመር አልተገኘም ማለትም ሁልጊዜ ነጻ ነህ ማለት አይደለም። ሐኪሙ አሁንም ከጠረጠረ ነጻ ቀላል ሰንሰለት የሚባል የደም ምርመራ አለ። የካፓና የላምዳ ጥምርታ ከ0.26 እስከ 1.65 መሆን አለበት፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ የደም ምርመራ ባለበት ማይሎማን ለመጠርጠር ሽንቱ የግድ ላያስፈልግ ይችላል። አሚሎይዶሲስ ሲጠረጠርና ሕክምና ሲከታተሉ ግን ሽንቱም ይፈለጋል።

ውጤቱ እስኪመጣ አንድ ነገር አደራ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አቁሙ፤ ምን መውሰድ እንደምትችሉ ሐኪሙን ጠይቁ። በቀላል ሰንሰለት የተጨናነቀ ኩላሊት ላይ እነዚህ መድኃኒቶች እሳት ላይ ቤንዚን ናቸው። «መርፌዋ ብቻ ናት የምታስታግሰኝ» የሚሉ አባቶች ብዙ ናቸው፤ አውቃለሁ። ሐኪም ካልከለከላችሁ ውሃም ጠጡ።

እኚያ አባት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ተላኩ። ከወራት በኋላ ለክትትል ሲመጡ ጀሪካኑን ይዘው የገቡት ባለቤታቸው ነበሩ። ጎኑ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። በእስክሪብቶ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ተጽፏል፤ ከሥሩም «ሌሊት ሁለቴ ተነሥተዋል፣ ሁለቱም አለ» ይላል። ለካሁት፤ 1,640 ሚሊሊትር። ክሬቲኒኑም ልክ ነበር።